ኦሪጅናሉና ጣሊያኑ

ራስሙሰን፣ ሞንታና
ማርች 4 ቀን 1996

ውድ እህቴ ቶራ፣

ባለፈው ሐሙስ እህል መደብሩ ውስጥ ከጨው ከረጢቶቹ ጀርባ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው ለሌላው «ሃልቮርን በኮፒ የሚያታልል ሰው ገና አልተወለደም» ሲለው ሰማሁ። ማን እንደሆነ ለማየት አንገቴን አላወጣሁም፤ የተናገረው እውነት ስለሆነ ማንነቱ ለውጥ አያመጣም። ነገሩን እንዳለ ተቀብዬ፣ ሁለት ከረጢት ጨው አስጭኜ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ስለ ጤናዬ በመጠየቅሽ አመሰግናለሁ። ዳሌዬ እንደነበረ ነው። ሐኪሙ ፈረስ ላይ መውጣት አቁም አለኝ። የሚያመኝ መውረዱ ነበር፤ እሱን ግን አልጠየቀኝም። አሁን ከብቶቹን በመኪና ነው የምዞራቸው። እነሱም ተደስተዋል፣ ሬዲዮ ይሰማሉ። በረዶ ሲዘጋብኝ ያን በጨረታ የገዛሁትን ኢንሳይክሎፒዲያ አነባለሁ። የ«ፒ» ቅጽ ስለሌለው ስለ ፓናማም ስለ ፔንግዊንም አትጠይቂኝ።

ልጅሽ ብሪታ ጓዟን ጠቅልላ በጁን መጀመሪያ ትመጣለች። እርሻውን ለሷ ማስረከቤ ያለቀለት ነገር ነው። የቀረው አንቺ የጠየቅሽኝ ነው። አዎ፣ ሽጉጥ ትይዛለች። ከሰው ዘጠኝ ማይል ርቃ የምትውል፣ እግሩ የተሰበረ ፈረስና ጅራቱን የሚያንቋቋ እባብ የሚገጥማት ሰው ባዶ እጇን አትወጣም። ጥያቄው የቱን ትይዛለች ነው።

እንደምታውቂው ሁለት ናቸው። አንዱ የአያታችን ነው፤ በ1884 የተሠራ፣ ለእያንዳንዷ ተኩስ መዶሻውን በአውራ ጣትሽ ወደ ኋላ ካልሳብሽው የማይተኩስ ስድስት ጎራሽ። ሌላው ጣሊያኑ ነው፤ ዝናብ ቢጥል ኦሪጅናሉ እንዳይበላሽ ብዬ ለሰልፍ ቀን የገዛሁት፣ ጣሊያን አገር የተሠራ ኮፒ። ጎን ለጎን ብታያቸው መንትያ ናቸው።

የኔ ሐሳብ ኦሪጅናሉን እንድትወስድ ነው። ጣሊያኑን ብሰጣት የወረሰችው ከኔ ሳይሆን ከካታሎግ ይሆናል። አንቺ ምን ትያለሽ?

ወንድምሽ
ሃልቮር

*

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ማርች 17 ቀን 1996

ውድ ወንድሜ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ግማሹ ጥፋት ግን ያንተ ነው። ደብዳቤህ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶ፣ ሌላ ግዛት ዞሮ ነው የመጣው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ የቆመች እህት ያለችው ሰው አድራሻ ላይ አምስቱን የፖስታ ቁጥር አኃዝ መጻፍ እንዴት ይረሳል? ከከተማው ስም ቀጥሎ ነው የሚጻፈው። ለማታውቀው ሰው አይደለም የምትልከው።

ለጥያቄህ መልሴ አጭር ነው። ጣሊያኑን ስጣት።

ኦሪጅናሉን ለሙዚየም ስጠው፣ ቅበረው፣ የፈለግኸውን አድርገው። አባባን የገደለ ነገር በልጄ ወገብ ላይ አይንጠለጠልም። ይህን ስልህ እንደማትቀበለኝ አውቃለሁ፤ ኦገስት ሃያ ሦስትን ሁለታችንም አንረሳውም፣ የምናስታውሰው ግን እየቅል ነው። አንተ «ሽጉጡ ምን አደረገ» ትላለህ። እኔ ሽጉጡ መሬት ወድቆ እንደተኮሰና አባባ እንዳልተነሳ ነው የማውቀው።

ብሪታ ያንን ታጥቃ ከወጣች እኔ እዚያ ግቢ እግሬን አላስገባም። ለእማማ ቀብር መጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣሁም፤ አለመምጣት እንደምችል ታውቃለህ።

ጉንፋኔ ለቆኛል። የላክህልኝ የደረቀ ሥጋ ጥርሴን ሊያወልቀው ነበር፤ ግን ጨርሼዋለሁ።

ቶራ

*

ራስሙሰን፣ ሞንታና 59371
ማርች 30 ቀን 1996

ውድ ቶራ፣

እንደምታይው አምስቱን አኃዝ ጽፌያለሁ፤ በራሴ አድራሻ ላይ ሳይቀር። ከእንግዲህ በማንኛውም ወረቀት ላይ አልረሳም። የእህል መደብሩ ቼክ ላይ ስጽፈው ልጅቷ «ይሄ የስልክዎ ቁጥር ነው?» አለችኝ።

አባባን የገደለው ሽጉጡ ነው ላልሽው፣ ከዚህ በፊት ተናግሬ ካልሆነ አሁን ልናገር። የአያታችንን ደንብ ታስታውሻለሽ። ስድስት ቀዳዳ አለ፣ አምስት ጥይት ይገባል። መዶሻው ጥይት ባለበት ቀዳዳ ላይ ተኝቶ ሽጉጡ ከወደቀና መዶሻው ድንጋይ ከመታ ይተኩሳል። ባዶ ቀዳዳ ላይ ከተኛ ግን በቅሎ ብትረግጠውም ዝም ነው። ስለዚህ ስድስተኛው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው የተጠቀለለ የአምስት ዶላር ኖት ነው፣ የቀብር ገንዘብ። የትም ሜዳ ላይ ሞቶ የተገኘ ሰው ለቀባሪዎቹ ዕዳ እንዳይሆን።

ያን ሰኞ አባባን ከአጥሩ ሥር ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሽጉጡን አንስቼ ከፈትኩት። ስድስተኛው ቀዳዳ ውስጥ የነበረው ኖት ሳይሆን ቀለህ ነው። አባባ ለምን ስድስት እንዳጎረሰ አላውቅም። ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል። ሽጉጡ ግን የሆነው የተሠራበትን ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሁለቱንም ይዤ ዴልበርት ካስ ዘንድ ሄድኩ። ዴልበርትን አታውቂውም፤ የድሮው ጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ መሣሪያ ይጠግናል፣ ወንበሩንም አልነቀለውም፣ ደንበኛ ያስቀምጥበታል።

«ዴልበርት፣ አንዱን ምረጥ ብትባል የቱን ትታጠቃለህ?» አልኩት።

«ለመተኮስ ነው ለማውራት?»

«ለሁለቱም።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ታጠቅ፤ ሱሪህ ከቻለ።»

ከዚያ ቁም ነገሩን ነገረኝ። ጣሊያኑ መዶሻው ውስጥ ትንሽ መከልከያ ብረት አለችው፤ ስድስት አጉርሰሽ ብትጥይውም አይተኩስም። ኦሪጅናሉ እንዲህ ያለ ነገር የለውም፣ ያለው የሰውየው ጥንቃቄ ብቻ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ላንቺ የሚረዳ ክርክር መሆኑን እያወቅኩ ነው፤ ፍርድ አላጓድልም።

በነገራችን ላይ አንድ ሰው በ1880 ተሠራ ያለውን ሽጉጥ ከነፋብሪካ ወረቀቱ ይዞለት መጥቶ ነበር አሉ። ወረቀቱ በሻይ ተነክሮ ያረጀ ነው። ዴልበርት አሽትቶ «ሎሚ ነው የጎደለው» ብሎ ወረቀቱን መለሰለት። ሽጉጡ ግን እዚያው ቀርቶ ነበርና አሳየኝ። ዝገቱን፣ ጭረቱን፣ የእጀታውን መበላት ሁሉ አጭበርባሪው አሳምሮ ሠርቶታል። ያስያዘችው ግን አንዲት ብሎን ናት። የድሮዎቹ ላይ ከፊት ለፊት የምትገባ ብሎን አለች፤ የዛሬዎቹ በምትኳ በጎን የምትጫን አላቸው። እሱ የዛሬዋን ተወላት፤ በየቀኑ ስለሚያያት አልታየችውም። አጭበርባሪ የሚያዘው በከበደው ነገር አይደለም፣ በለመደው ነው። እኔ ከበሩ ሆኜ ነው ያየኋት።

ስለ ብሪታ ገና አልወሰንኩም። ለፋሲካ ትመጣለች፤ ሁለቱንም ትሞክር።

ሃልቮር

*

ራስሙሰን፣ ሞንታና 59371
ኤፕሪል 16 ቀን 1996

ውድ ቶራ፣

የቁጣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አይ፣ ሆን ብዬ አልነገርኳትም። አይ፣ ባንቺ ላይ እያሳደምኩ አይደለም። ሦስተኛውን ስድብሽን አላነበብኩትም፤ ቀለሙ ፈሶበታል፣ ወይም አንቺ አፍስሰሽበታል።

የሆነው ይህ ነው። ከፋሲካው ምሳ በኋላ ብሪታ «አጎቴ፣ እስቲ አምጣቸው» አለችኝ። ከጎተራው ጀርባ ጣሳ ደረደርን። በጣሊያኑ ከስድስቱ አራቱን መታች። በኦሪጅናሉ ከአምስቱ አምስቱን። ከዚያ ባዶውን ይዛ መዶሻውን ቀስ እያለች ወደ ኋላ ሳበችው፣ ቀጭ ቀጭ ሲል ለመስማት ጆሮዋ ሥር አድርጋ።

«ይሄኛው አራት ጊዜ ነው የሚናገረው» አለችኝ።

«ጣሊያኑስ?»

«እሱ አጭር ተናግሮ ዝም ይላል። ባል ቢሆን እሱን ነበር የማገባው።»

«ሽጉጥስ ሲሆን?»

«ሽጉጥ ሲሆንማ የሚያወራውን።» ቀጥላ ጎራሹን እያሽከረከረች «ስድስተኛው ለምንድነው ባዶ የሆነው?» አለች።

ነገርኳት። የጠየቀችኝን ነው የነገርኳት፤ ሌላው ቢቀር ሳትሞት ማወቅ ያለባት ነገር ነው።

«በአምስት ዶላር ይቀብራሉ?»

«በቅድመ አያትሽ ጊዜ ይቀብሩ ነበር። አሁን ጉድጓዱን አሳይተውሽ ይመለሳሉ።»

ሳቀች፤ ከኪሷ አምስት ዶላር አውጥታ ጠቀለለችና ቀዳዳው ውስጥ ከተተችው። ማታ ስልክ ደውላ ይህን እንደ ጨዋታ ስትነግርሽ ዘጋሽባት። ልጅቷ መስመሩ የተበላሸ መስሏት ሁለቴ መልሳ ደወለች። እኔ መስመሩ እንዳልተበላሸ አውቄያለሁ፣ አልነገርኳትም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ስለ ሽጉጡ ስናወራ አትዘጊም፣ ትሳደቢያለሽ። ኖቱ ሲነሳ ነው የዘጋሽው። ለምን?

ሃልቮር

*

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ኤፕሪል 27 ቀን 1996

ሃልቮር፣

ስምህን እንዲህ ብቻውን የጻፍኩት ተቆጥቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ «ውድ ወንድሜ» ብዬ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ኖቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

የካውንቲው የበጋ ትርዒት ከመድረሱ በፊት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አባባ ሲላጭ ቀበቶው ከነሽጉጡ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በእርሳስ ገፍቼ አወጣሁት። ባዶ የቀረው ቀዳዳ እንደወለቀ ጥርስ መሰለኝ፣ ወዲያው የሚታወቅብኝ። ስለዚህ ከቀበቶው አንድ ጥይት መዝዤ ከተትኩበት፣ ጎራሹንም እንደነበረ መለስኩት። ማንም አላየኝም። ጥሩ አድርጌ የሠራሁት የመጀመሪያ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ ትርዒቱ ላይ ያን ሰው አሳፍሮ ወደ ላይ የሚሽከረከር ትልቅ መንኮራኩር አራት ጊዜ ተሳፈርኩ፤ አንተ ከታች ሆነህ «ያንቺን የሚከፍልልሽ ማነው?» ትለኝ ነበር። የጸጉር ጥብጣብ ገዛሁ። ሁለት ዶላር ከሃያ ሳንቲም ተረፈኝ። ሰኞ አባባ ሞተ። የተረፈኝን በቀብሩ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ የመባ ሳህን ላይ አስቀመጥኩት። ምን ላድርገው ሌላ።

ለእማማ አልነገርኳትም። ለብሪታ አባት አልነገርኩትም። ሰዎች ለምን ከሞንታና ወጣሽ ሲሉኝ ነፋሱን አልወድም እላለሁ፤ ነፋስ በማያጣት ዱሉት ውስጥ ሆኜ ይህን ስል ማንም አልሳቀብኝም።

ሽጉጡ ምንም አላደረገም፤ ልክ ነህ። እንዲያ ስትል የምሳደበው ልክ ስለሆንክ ነው። ብሪታ ኖት ጠቅልላ ከተተችበት ስትለኝ እጄ ራሱ ነው ስልኩን ያስቀመጠው።

አሁን አንተ ወስን። የፈለግኸውን ብትሰጣት መብት የለኝም።

ቶራ

*

ራስሙሰን፣ ሞንታና 59371
ሜይ 3 ቀን 1996

ቶራ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የመጨረሻዋ ላም እየወለደች ስለሆነ በሰፊው አልጽፍም። ጥጃው በኋላ እግሩ ነው የሚመጣው። አንድ ሁለት ቦታ የምሄድበት ጉዳይ አለኝ፤ ከዚያ እጽፍልሻለሁ። ያን ደብዳቤ እስክልክልሽ ድረስ ምንም ነገር አትወስኚ፤ ጸጉርሽን እንኳ አትቆረጪ።

ሃ.

*

ራስሙሰን፣ ሞንታና 59371
ሜይ 14 ቀን 1996

ውድ እህቴ ቶራ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ጥጃው ተርፏል፤ ላሚቱ ግን እስካሁን በቂም ታየኛለች።

የካውንቲው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ሸሪፍ ቤቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወር አሮጌ ሳጥኖቹን ምድር ቤት ውስጥ ከምረዋቸዋል። ጸሐፊዋ ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፣ ሁለት ቀን አብራኝ ፈለገች። በሦስተኛው ቀን የአባባን መዝገብ አገኘነው። አያይዤ ልኬልሻለሁ። ኮፒ አይደለም፣ ዋናው ነው፤ ለኛ ቢቀመጥ ይሻላል አለችኝ። ቢጫ ስለሆነ በጥንቃቄ ክፈቺው። ምናልባት መነጽርሽ ከሌለ ብዬ እዚህም ገልብጬዋለሁ።

«ኦገስት 23 ቀን 1954። ከሟቹ የተረከብነው ንብረት፦ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አንድ፤ ያልተተኮሰ ጥይት አምስት፤ ቀለህ አንድ፤ ከነሰንሰለቱ የኪስ ሰዓት አንድ፤ የአጥር መቆንጠጫ አንድ፤ ከሸሚዙ ግራ ኪስ ውስጥ፣ በጥብቅ የተጠቀለለ የአምስት ዶላር ኖት አንድ።»

የመጨረሻዋን መልሰሽ አንብቢ።

አንቺ ኖቱን የወሰድሽው ሐሙስ ነው፣ ዓርብ አጥፍተሽዋል። ሰኞ ግን ኪሱ ውስጥ የተጠቀለለ ኖት አለ። እንግዲህ አባባ በመካከሉ ሽጉጡን ከፍቶ አይቷል ማለት ነው። ጥይትሽን አውጥቶ ሌላ ኖት ጠቅልሎ ከትቷል፤ ማን እንደወሰደውም ሳይገባው አይቀርም፣ ጥብጣቡን አይቷልና። ምንም አላለሽም። ከዚያ ሰኞ ጠዋት እሱ ራሱ ኖቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተና ስድስተኛ ጥይት አጎረሰ። ያን ሳምንት የባዘኑ ውሾች ጥጃ ይጨርሱብን እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ አምስት አይበቃኝም ብሎ ይሆናል።

የወደቀው ያንቺ ጥይት አይደለም። ያንቺ ጥይት ቀበቶው ላይ ተመልሶ ነበር።

ኪሱን እኔ አልፈተሽኩትም፤ የፈተሸው ሸሪፉ ነው፣ ለዚያ ነው ያላወቅኩት። እንግዲህ ይኸው ነው። ብሪታ ጁን 1፣ ቅዳሜ ትገባለች። የቱን እንደምሰጣት አንቺ ንገሪኝ፤ የምትዪውን አደርጋለሁ፣ ክርክር የለም።

ወንድምሽ
ሃልቮር

*

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ሜይ 22 ቀን 1996

ውድ ወንድሜ ሃልቮር፣

ደብዳቤህ በሦስት ቀን ደረሰኝ። አምስቱ አኃዝ ምን እንደሚሠሩ አየህ?

ወረቀቱን ወጥ ቤት ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ፤ ከዚያ ጎረቤቴን ወይዘሮ ፔልቶላን ጠርቼ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግኩ። እሷ ሟቹ ማን እንደሆነ አታውቅም። የመጨረሻዋ ላይ ስትደርስ «ይሄ ሰውዬ ጥንቁቅ ነበር» አለች። «ነበር» አልኳት። ያን ሌሊት ተኝቼ እስከ ረፋድ አልነቃሁም፤ ወይዘሮ ፔልቶላ የሞትኩ መስሏት በሩን ደበደበች።

ለብሪታ ጣሊያኑን ስጣት። ኦሪጅናሉን ጠልቼ አይደለም፤ እሱን አንተ ዘንድ አስቀምጠው፣ ስመጣ በእጄ መያዝ እፈልጋለሁ። አራት ጊዜ ሲናገርም እሰማዋለሁ። ነገር ግን ልጄ ሜዳ ላይ ስትሆን ብትጥለው የማይተኩሰውን ትያዝ። ኮፒ ነው፤ ይሁን። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሰው እንዳይጎዳ ብሎ፣ ተጨንቆ የሠራውን ነገር አልንቅም። በስድስተኛው ቀዳዳ ከፈለገች ጥይት፣ ከፈለገች ኖት ትክተት። ኖቱን እኔ እሰጣታለሁ፤ አንድ አምስት ዶላር ዕዳ አለብኝ።

ለጁላይ አራት እመጣለሁ። አልጋውን አውጣልኝ፤ ያን ደረቅ ሥጋ ግን አታቅርብልኝ። ለጣፋጩ የሩባርብ ፓይ እኔ እጋግራለሁ፤ ያንተን በልቼ አውቃለሁ።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አላስገባሁትም፤ መስታወት አስገብቼ አልጋዬ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ትንሽ ሻይ ሻይ ይሸታል። እዚያው ይቆያል፤ አላወርደውም።

እህትህ
ቶራ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የ1954ቱ ወረቀት አናት ላይ፣ ከራስሙሰን፣ ሞንታና ቀጥሎ፣ አምስቱ አኃዝ አልተረሱም። የፖስታ ቁጥሩ በአገሪቱ የተጀመረው እኔ ሥራ በገባሁበት ክረምት ነው፣ ጁላይ 1 ቀን 1963።